ሱሉልታ የለመደ እግር ዮርዳኖስ ላይ ይሰራል ወይ? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም ስለ ዮርዳኖስ የእግር መንገድ ጽፈን ነበር። ላላነበበ ሰው በአጭሩ፣ አገሪቷን ከሰሜን ኡም ቃይስ ተነስቶ ደቡብ አቃባ ድረስ የሚያቋርጥ ወደ 675 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ከሱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚመርጠው ከዳና መንደር ከዓለት እስከተፈለፈለችው ጥንታዊ ከተማ እስከ ፔትራ ያለውን ነው፣ 70 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ የሚል፣ በአራት በአምስት ቀን የሚያልቅ፣ ገደልና ድንጋይ የበዛበት። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል፣ የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው የመጣው ከአዲስ አበባ ዳር ከሚኖሩ ሰዎች ነው፣ ተራራው በራቸው ላይ ስለሆነ መሰለኝ። አራቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦን ወጥተን እንወርዳለን። ሚያዝያ ላይ አምስት ሆነን ከዳና ፔትራ ለመሄድ አስበናል። አንዱ ጓደኛችን «3,000 ሜትር ላይ የምንሮጥ ሰዎች ለ1,000 ሜትር ተራራ ምን ልምምድ ያስፈልገናል፣ ዝም ብለን እንሂድ» ይላል። እኔ ግን ሙቀቱ አስፈርቶኛል፣ ቆላ ኖሬ አላውቅም። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛህ በሳንባው ልክ ነው፣ በላቡ ግን አይደለም። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ጫፍ ስትደርስ ደሞ 3,200 አካባቢ ነህ፣ እዛ የለመደ ልብና ደም ይዘህ ወደ 1,000 ሜትር ስትወርድ ትንፋሽ ማጠር ምናምን የሚባል ነገር አታይም፣ እንደውም የመጀመሪያው ቀን እግርህ ካንተ ቀድሞ የሚሄድ ነው የሚመስልህ። ችግሩም እዛ ላይ ነው የሚጀምረው። ትንፋሽህ ስላልተቆራረጠ ያልደከመህ ይመስልሃል፣ ውስጥህ ግን ሙቀቱ እየተጠራቀመ ነው፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ደሞ ላቡ ቆዳህ ላይ ሳይቆይ ይተናል፣ እና እንዳላበህ ራሱ አታውቅም፣ ማታ ሸሚዝህ ጀርባ ላይ ነጭ የጨው ካርታ ስታይ ነው የሚገባህ።

በፈረንጆቹ 2019 ዶሃ ላይ የነበረውን የዓለም ሻምፒዮና ታስታውሳለህ አይደል? የሴቶቹ ማራቶን ሙቀት ተፈርቶ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የተጀመረው፣ እንደዛም ሆኖ 68 ጀምረው የጨረሱት 40 ናቸው፣ የኛዎቹ ሶስቱም አቋረጡ። እነዚህ እኮ አንተ በጠዋት ስትወጣ ባጠገብህ ሽው ብለው የሚያልፉህ አይነት ሰዎች ናቸው፣ ከፍታ ላይ በመስራት የሚበልጣቸው የለም። በወንዶቹ ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ሆነው ደስ አሰኙን፣ ግን ያን ቀን አየሩ ለቀቅ ብሎ ነበር። ለጓደኛህ ይሄን ንገረውና ዝም ይበል።

ሰውነት ሙቀት የሚለምደው እየሞቀና እያላበ ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለውም። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ሙቀት ውስጥ ከሰራህ የደምህ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ቶሎ ማላብ ትጀምራለህ፣ ከላብህ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የልብ ምትህም ይረጋጋል። ከተውከው ደሞ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ጥር ላይ መተሃራ ሄጄ ተለማምጃለሁ ብለህ ሚያዝያ ላይ መብረር አይጠቅምህም፣ ቁም ነገሩ ያለው ከጉዞው በፊት ባሉት የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት ላይ ነው።

ሱሉልታ ሆኖ ሙቀት ከየት ይመጣል ካልከኝ፣ አንደኛ ፍልውሃ አለልህ። እየቀለድኩ አይደለም። በእግር ሰርተህ ሰውነትህ እንደሞቀ ሳይቀዘቅዝ ወዲያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ፣ ይሄን ለስድስት ሰባት ቀን አከታትሎ ማድረግ ሰውነትን ለሙቀት እንደሚያዘጋጅ በሯጮች ላይ ተሞክሮ የታየ ነው። ፍልውሃ ካልተመቸህ ሰፈርህ ያለው ስቲም ወይ ሳውና ይሰራል። ብቻህን አትግባ፣ ማዞር ሲጀምርህ ጀግና አትሁን፣ ውጣ። ሁለተኛ፣ ቀትር ላይ ሹራብና ጃኬት ደርበህ ፈጠን ብለህ መራመድም ቀላል አይደለም፣ ሰፈር ሰው ያብዳል ይበልህ። ሶስተኛ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ ከቻላችሁ አንድ ሁለት ቅዳሜ እንጦጦን ትታችሁ ወደ ቆላ ውረዱ፣ አባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ከ1,100 ሜትር ብዙ የማይርቅ ነው፣ መተሃራ ደሞ ወደ 950። ከዳና አየር ጋር የሚቀራረብ ነገር እነዚህ ጋ ነው የምታገኘው።

ሌላው ቁልቁለቱ ነው፣ ስለሱ ማንም አይጠይቀኝም። ሰው ሁሉ ዳገት ነው የሚፈራው። ከዳና መንደር ፈይናን ድረስ የሚወስደው ሸለቆ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ1,200 ምናምን ሜትር ተነስተህ 300 ምናምን ላይ ነው የምታርፈው፣ ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ማለት ነው። ስትወርድ የጭንህ ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደትህን የሚይዘው፣ ያ ደሞ ከዳገት በላይ ይጎዳዋል፣ ህመሙ ግን ያን ቀን አይመጣም፣ በማግስቱና በሳልስቱ ነው እግርህ ተሳስሮ ሽንት ቤት መቀመጥ የሚያቅትህ፣ እና ያኔ ገና የመንገዱ መሃል ነህ። ደግነቱ ጡንቻ አይረሳም፣ አንዴ በደንብ ቁልቁል ወርዶ የታመመ ጡንቻ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ያን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ ከጉዞው ሶስት ሳምንት በፊት አንድ ቀን፣ ሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ሌላ ቀን እንጦጦን በታክሲ ውጡና በእግር ብቻ ውረዱ፣ በትንሽ በትንሽ እርምጃ፣ ጉልበት ሳይቆለፍ። ባዶ ጀርባ አይሁን፣ ባለሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለቷን ሞልተህ ቦርሳህ ውስጥ ክተት፣ እዛም መሸከምህ አይቀርም፣ በመሃል ውሃ የሌለባቸው ረጃጅም ቦታዎች አሉ።

ውሃን በተመለከተ በሙቀት ስትሄድ በሰዓት ግማሽ ሊትር አካባቢ፣ ሲብስ ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ የቀን አራት አምስት ሊትር ማለት ነው። ግን ዝም ብሎ ባዶ ውሃ መጋትም አደጋ አለው፣ ጨው ወጥቶ ውሃ ብቻ ሲገባ ደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ራስ ምታት ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ሰው ደሞ ውሃ ጠማው ብሎ ይጨምርለታል። ከፋርማሲ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ግዙ፣ አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ነው፣ በግማሽ ሊትር አትበጥብጡት። ካለቀ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው አፉ ድረስ ይሙላ እንጂ አይቆለል። ቆሎ በጨው ያዙ፣ በሶ ያዙ፣ በሶን የሚያክል የመንገድ ምግብ ፈረንጅ ገና አልሰራም። የጠጣችሁት መብቃቱን በሽንታችሁ እወቁ፣ ብርዝ ከመሰለ ደህና ነው፣ ወደ ጠላ ከሄደ ቁጭ በሉና ጠጡ።

እዛ ስትደርሱ የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ቀለል አድርጉት። መንገድ የሚጀመረው ገና ጎህ ሲቀድ፣ በኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ተፈልጎ ይታረፋል። ከመሃላችሁ አንዱ መቀባጠር ከጀመረ፣ ሲራመድ ከተወላገደ፣ የጠየቃችሁትን ትቶ ሌላ ከመለሰ፣ ያ ድካም አይደለም፣ ሙቀቱ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አቅልሉለት፣ ያላችሁን ውሃ አንገቱ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አፍስሱ፣ በደንብ አራግቡለት፣ ከዛ 911 ደውሉ፣ የዮርዳኖስ የአደጋ ጊዜ ቁጥር እሱ ነው። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ መሸከሙ ኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ተራራም ሩቅ ነው ብርም የለኝም ሃሃ። ሶስት ጥያቄ አለኝ፣ አንደኛ ጫማ ከየት ልግዛ፣ አዲስ የሀይኪንግ ቡት ዋጋውን ሰምቼ ደንግጫለሁ። ሁለተኛ ልምምድ በደረጃ ይሆናል ወይ። ሶስተኛ እናቴ «ዮርዳኖስ ሴት ልጅ ለስራ እንጂ ለሽርሽር ሄዳ አታውቅም» ብላ አልቀበል ብላኛለች፣ ምን ልበላት?

መልስ፦ ከጫማው ልጀምር፣ እህቴ። ሰልባጅ ተራ ግቢ። ፈረንጅ አንዴ ለብሶ የጣለው ደህና ደህና ቡት መርካቶ ይገኛል፣ ግን ሶል ስታዪ ጥርሱን ብቻ አትዪ፣ ሁለቱን እጅሽን አድርገሽ እንደ ልብስ ለመጭመቅ ጠምዝዢው፣ መሃሉ በቀላሉ ከታጠፈ ተይው። ከዛ አውራ ጣትሽን ሶሉ ከቆዳው ጋር የተጣበቀበት መስመር ላይ አስኪጂ፣ ነጭ የደረቀ ማስቲሽ እየፈረፈረ ከወጣ በሁለተኛው ቀን ሙቅ ድንጋይ ላይ አፉን ይከፍታል። ከሰዓት በኋላ ሂጂ፣ እግር ውሎ ያብጣል፣ ሙቀት ላይ ደሞ የበለጠ። የምትሄጂበትን ካልሲ አድርገሽ ለኪ፣ ጣትሽና የጫማው ጫፍ መሃል አንድ አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፣ አለበለዚያ ቁልቁለቱ ላይ ጥፍርሽ ይጠቁራል። ለዚህ መንገድ ከባድ ቡት ግዴታ አይደለም፣ ሶሉ ጠንካራ የሆነ ስኒከርም ይበቃል። ዋናው ነገር ከጉዞው በፊት ብዙ ሄደሽበት እግርሽን የለመደ መሆኑ ነው፣ አዲስ ጫማ አድርጎ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው ሳይ እግሬን ያመኛል።

የጥጥ ካልሲ ተይ፣ ላብ ይይዝና ቆዳውን ያርሰዋል፣ እግር ውሃ የሚቋጥረው እርጥብ ቆዳ ሲፋተግ ነው። አንድ ቦታ ሞቅ ሞቅ ሲልሽ «ትንሽ ልሂድ» አትበዪ፣ እዛው ቁጭ በዪና አውልቀሽ ፕላስተር ለጥፊ።

ደረጃው ሆኗል፣ በጣም ሆኗል። ቦርሳሽን ጭነሽ ውጪ ውረጂ፣ ሲወርዱ ነው የሚጠቅመው ብዬ ከላይ ለሱሉልታው ልጅ ያልኩትን አንብቢው። ጎረቤት «ሊፍት አይሰራላቸውም መሰለኝ እየለመዱ ነው» ብሎ ይስቃል፣ ይሳቅ። የሆነ እሁድ ደሞ የረር ተራራ ከናንተ ጋር ሲነጻጸር ሩቅ አይደለም፣ በቡድን ሂጂ፣ የአካባቢውን ልጅ ይዘሽ።

እናትሽ ደሞ ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ብዙ እህቶቻችን አማን ያሉት ለቤት ሰራተኝነት ሄደው ነው፣ ስለዚህ ወጣት ኢትዮጵያዊት ቦርሳ አዝላ «ለሀይኪንግ ነው» ስትል እዚህ መውጫው ላይም እዛ መግቢያው ላይም ጥያቄ ይበዛባታል። ተናደጂም አትናደጂም ወረቀትሽን አሟልተሽ ሂጂ፦ የመመለሻ ቲኬት፣ የሆቴል ወይ የካምፕ ቡኪንግ፣ የስራ ቦታ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ሁሉንም በወረቀት ታትሞ፣ ስልክ ባትሪ ያልቃል። ቪዛውን ኤርፖርት ላይ አገኘዋለሁ ብለሽ እንዳትነሺ፣ የኛ ፓስፖርት ቀድሞ ፈቃድ የሚፈልግ ነው፣ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት እሱን ጨርሺ። ጆርዳን ፓስ የሚሉት ነገር አለ፣ ፔትራንና ሌሎች ቦታዎችን የሚያስገባ፣ ከ70 ዲናር የሚጀምር፣ ፔትራ ብቻውን ለአንድ ቀን 50 ዲናር መሆኑን ስታስቢ ያዋጣል፣ ግን ፓሱን ስለገዛሽ ብቻ ቪዛ ተሰጠሽ ማለት አይደለም። ዲናሩ ከዶላር ይበልጣል፣ አንድ ዶላር 0.71 ዲናር ገደማ ነው፣ ሂሳብሽን ስትሰሪ እንዳትሸወጂ። አንድ ሌላ ነገር፣ ከዳና የሚመጣ ሰው ፔትራ የሚገባው በጓሮ በገዳሙ በኩል ነው፣ ቲኬቱን ቀድመሽ ይዘሽ ካልሆነ እዛ ደርሰሽ መመለስ አለ።

ለእናትሽ የሚያስጎበኘውን ሰው ስልክና የየቀኑን ማደሪያ ጽፈሽ ስጫቸው፣ ሲም እዛው ገዝተሽ ማታ ማታ ደውዪላቸው። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ «ሁለት ቀን ካልደወልኩ አትደንግጪ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለበለዚያ ዕድር ይጠራሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ጤና ይስጥልኝ። የሰበታ ነዋሪ ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ከማኅበራችን ጋር በመጋቢት የናባውን ተራራ ሙሴ ያረፈበትን፣ ከተቻለም የአሮንን መቃብር ልንሳለም ነው። ጾሙ ሁዳዴ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። የደም ግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ። ልጆቼ አይሆንም አሉኝ። አንተ ምን ትላለህ?

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን አደረሰዎ፣ ጉዞው ይሆናል እላለሁ፣ ግን ሁለቱ ተራሮች አንድ አይደሉም። ናባው እስከ አናቱ መኪና ይገባል፣ እዛ ለመሳለም ልምምድም አያስፈልግዎ። የአሮን መቃብር ያለበት ግን፣ በኦሪት ዘኍልቍ ሖር ተራራ የሚባለው፣ ከፔትራ ተነስቶ ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይበላል፣ 1,300 ሜትር አለፍ የሚል ድንጋያማ ተራራ ነው፣ ጥላም የለውም። እሱን በጾም አፍ፣ ያለ ውሃ፣ በግፊት መድኃኒት አይውጡ፣ ይሄን በግልጽ ነው የምነግርዎ።

ስለ ጾሙ እኔ የምፈርደው ነገር የለም፣ ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ያማክሩ፣ ለመንገደኛና ለታመመ የሚሉት ነገር ይኖራል። እኔ የማውቀው ፀሐይ ላይ እየሄዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አለመጠጣት ኩላሊትንም ልብንም እንደሚጎዳ ነው። የጾም ምግቡ ግን ከቶ አያሳስብዎ፣ ፉል፣ ሁሙስ፣ ፈላፍል፣ ዳቦ በየመንደሩ ነው፣ ሁሉም የጾም ነው፣ እርጎ ጣል እንዳያደርጉበት ብቻ ይጠይቁ። ከረመዳን ጋር ከተገጣጠመ ቀን ቀን ምግብ ቤት ይዘጋልና ስንቅ ይያዙ፣ በሰው ፊት ደግሞ ባይበሉ ጨዋነት ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ውሃ የሚያሸና ነው፣ ሙቀት ላይ ያ ፈሳሽ ያጎድልና ሲነሱ ያዞራል። የርስዎ የቱ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፣ በራስዎ ግን አያቋርጡ፣ አያጉድሉም። ለሌሎቹ የመከርኩትን ፍልውሃና ስቲም ለርስዎ አልመክርም። በየጠዋቱ ሰበታ ላይ አንድ ሰዓት ይራመዱ፣ ነጠላዎን ይያዙ፣ እዛ በውሃ አርሶ አንገት ላይ ጣል ማድረግ ከየትኛውም ኮፍያ ይበልጣል፣ ጋቢም አይቅር፣ የመጋቢት ሌሊት ያ አገር ይበርዳል። ከዘራ ካለዎ ሻንጣ ውስጥ ያስገቡት፣ በእጅ ከያዙት ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩብዎ ይችላሉ። መቋሚያዎንም ይዘው እንደማይቀሩ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነኝ። አምና ኅዳር ላይ እዛው ዮርዳኖስ ሄደን አስጎብኚያችን በሸለቆ ሊወስደን የነበረውን ቀን ድንገት ሰረዘው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ደመና የሚባል አልነበረም። «ሌላ ቦታ ዘንቧል» አለን፣ ገንዘባችንንም በሙሉ አልመለሰም። ሰበብ ነው አይደል?

መልስ፦ ሰበብ አይደለም፣ አመስግነው። ድሬዳዋን አስብ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ የወረደው ላይ ሐረርጌ ደጋው ላይ ነው፣ ሌሊት ላይ ጎርፉ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ዮርዳኖስም እንደዛው ነው፣ መሬቱ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ስለጠጠረ ዝናብ አይጠጣም፣ ተራራው ላይ የወረደው ሁሉ ተጠራቅሞ በጠባቡ ሸለቆ ይመጣል፣ አንተ ያለህበት ጠብ ሳይል። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2018 ሙት ባሕር አካባቢ በእንደዚህ አይነት ጎርፍ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፣ አብዛኞቹ ለሽርሽር የወጡ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ፔትራ መግቢያው ላይ ባለው ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥም በፈረንጆቹ 1963 ፈረንሳውያን ጎብኚዎች እንዲሁ አልቀዋል፣ ከዛ በኋላ ነው ድሮ ናባጣውያን፣ ፔትራን የፈለፈሉት የጥንት ሰዎች፣ ሰርተውት የነበረውን ግድብ እንደገና የሰሩት።

ኅዳር ዝናብ የሚጀምርበት ወቅት ነው። ለሌላ ጊዜ ሸለቆ ውስጥ ሆነህ ውሃው ድንገት ቡናማ ከሆነ፣ ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይ ከሩቅ የከባድ መኪና አይነት ድምጽ ከሰማህ፣ ዕቃህን ትተህ ወደ ጎን ወደ ላይ ውጣ፣ ወደ መውጫው አትሩጥ፣ ውሃው ይቀድምሃል። ድንኳንም ደረቅ ወንዝ ውስጥ አይተከልም፣ አሸዋው ቢመችም።

የገንዘቡ ነገር ግን አንተም መብት አለህ። የተዋዋላችሁት ወረቀት ላይ በአየር ጸባይ ምክንያት ሲሰረዝ ስንት እንደሚመለስ ተጽፎ ከሆነ ያንን ጠይቅ፣ ካልተጻፈ ደሞ ለሚቀጥለው ጊዜ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት በዋትሳፕም ቢሆን አስጽፈው፣ «ሸለቆው ከተዘጋ በምትኩ የት ነው የምትወስደን» የሚለውንም ጨምረህ። ደህና አስጎብኚ ለዚህ ጥያቄ መልሱ አፉ ላይ ነው።